አንድ ከአርባ

ሊያን የሰማችው የልጇን ካልሲ ከማጠቢያ ማሽኑ እያወጣች ሳለ ነው። በዚህ ሰንሻይን ሰፈር ባለው ጠባብ ቤታቸው ውስጥ የልብስ ማጠቢያውንና ወጥ ቤቱን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም፤ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ እንኳ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ልጇ ቴጋን ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ዳቦዋን ቬጂማይት እየቀባች ነበር የምታወራው። «አንቺ ሰዓት ምናምን እያልሽ አትጨነቂ፤ ጀርባዬን ብቻ እዪ» አለች። «እስከ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር እኔ እጎትትሻለሁ። ከዚያ ወጥቼ መንገዱን እለቅልሻለሁ።» ከስልኩ ውስጥ የብራይዲ ሳቅ ተሰማ። ብራይዲ የሊያን ታናሽ እህት የሬይሊን ልጅ ናት። «እንደ ውሻ ተከተይኝ በይኛ» አለች። «አዎ፣ ግን እንዳትነክሺኝ።» ሁለቱም ሳቁ። ማሽኑ መጭመቅ ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሊያን ካልሲውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ የነቃችው ውሃው በክንዷ ወርዶ እግሯ ላይ ሲንጠባጠብ ነው።

አሯሯጭ። ልጇ ለእህቷ ልጅ አሯሯጭ ልትሆን ነው። ዛሬ ማታ ቦክስ ሂል ላይ የሚሮጠው ማይል በጥርና በየካቲት ከሚደረጉት የመጀመሪያ ውድድሮች ሁሉ ይበልጥ የሚጠበቀው ነው፤ ከአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ በታች የገባች ሴት፣ በመስከረም ለሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሚኒማውን አሟላች ማለት ነው። አገሩ የሚልከው ሦስት ሴት ነው። ሁለቱን ቦታ አንዲት የሲድኒና አንዲት የፐርዝ ልጅ እንደያዙት ሁሉም ያወራል። የቀረው አንድ ነው። ለዚያች ለአንዷ ቦታ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምረው በአንድ አሰልጣኝ እጅ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ያደጉ ሁለት የእህትማማች ልጆች ናቸው ያሉት። ብራይዲ በጥር ሆባርት ላይ አራት ከሃያ ሁለት ገብታለች። ቴጋን የተረከዟ ጅማት ከዳነ ገና አራት ወሯ ነው፤ በመጀመሪያ ውድድሯ አራት ከሃያ አምስት ሮጠች። ሊያን ያንን ሦስት ሰከንድ ስትተኛም ስትነሳም ታስበዋለች።

«ሰምቻለሁ» አለች ወጥ ቤት ገብታ።

ቴጋን ዳቦዋን ማኘክ አላቆመችም። «መስማትሽ አይቀርም ብዬ ነው ድምፁን ያላጠፋሁት። ማክሰኞ ልነግርሽ ነበር፤ ፈራሁ።»

«ማን ነው የወሰነው? ዴስ ነው?» ዴስ አሰልጣኛቸው ነው።

«ዴስም እኔም። ሰውነቴ ገና ነው፣ እማ። ዛሬ ለራሴ ብሮጥ አራት ከሃያ ሦስት ብገባ ነው። እስከ ሺህ ሁለት መቶ በልኩ ብሮጥ ግን ጥሩ ልምምድ ይሆነኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብሪስበን ላይ ደግሞ እሷ እኔን ትጎትተኛለች። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ዛሬ ሚኒማውን ካገኘች ብሪስበን ምን ልታደርግ ትሄዳለች?»

«ቃሏን ልትጠብቅ።»

ሊያን ሌላ የምትለው ነገር ነበራት፤ ግን የልጇን ፊት አይታ ዋጠችው። የተጎተተ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ የጎተተውን አያስታውስም ብላ ነው የምታምነው። ካልሲውን ወንበር ላይ ዘርግታ፣ የሥራ ሽርጧን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

የምትሠራው በአንድ ሱፐርማርኬት ሥጋና አይብ በሚቆረጥበት ባንኮኒ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይበዛል። ኪሎው ሃያ ሁለት ዶላር የሆነውን የአሳማ ሥጋ ቀጭን አድርጊው፣ አይ ወፈር አድርጊው፣ አይ ያኛውን ስጪኝ ሲሏት ትውላለች። ዶት የሚሏት አሮጊት ደንበኛዋ ከሌላው ሁሉ ቀድማ ነው የምትመጣው፤ መቶ ግራም ገዝታ የአንድ ኪሎ ያህል ታወራለች። ዛሬም ጋዜጣ በብብቷ ይዛ መጣች። «ልጅሽን አየኋት» አለች፤ ገጹን ገልጣ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። ብራይዲ ናት፤ ጸጉሯን አስይዛ፣ አዲስ ጫማ አጥልቃ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «የእህቴ ልጅ ናት» አለች ሊያን። «ውይ፣ እሷ ናት እንዴ? ታዲያ ያንቺዋስ አትሮጥም?» «ትሮጣለች።» «እዚህ ላይ የለችማ» ብላ ዶት መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች ፈለገች። «ኧረ ቆዪ፣ አለች፤ ታች ላይ፣ በትንንሹ። አሯሯጭ ይላል። ምን ማለት ነው?» ሊያን ማሽኑን አስነሳችው። ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ወፍሮ ወጣ፤ ዶትም አንስታ በብርሃን አየችውና «እኔ ጥርስ የለኝም እኮ፣ የኔ ማር» አለች። ሊያን ያንን ጥላ ሌላ ቆረጠችላት። አሯሯጭ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገረቻትም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ኪው ሰፈር ወደሚገኘው የሬይሊን ቤት ሄዱ፤ ከዚያ በአንድ መኪና መሄድ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ የሊያን መኪና ሙቀት ሲበዛበት ያስቸግራል። የእህቷ ቤት ሲገቡበት ቀዝቃዛ ነው። ኮሪደሩ ብቻ የሊያንን ሳሎን ያህላል። በብራይዲ መኝታ ቤት በር ሲያልፉ አልጋው ላይ የተተከለው የፕላስቲክ ድንኳን ይታያል፤ የሚያጉረመርም ማሽን አየሩን ያሳሳዋል፤ ልጅቱ ከባሕር ወለል እኩል ተኝታ ተራራ ላይ እንዳደረች ሆና ትነሳለች። ሊያን ይህን ድንኳን ባየች ቁጥር ቴጋን የምትተኛበትን ክፍል፣ በመስኮቱ የሚገባውን የጭነት መኪና ድምፅ ታስታውሳለች። ደግሞም ታፍራለች፤ ምክንያቱም ብራይዲ ሰነፍ አይደለችም። ድንኳን እግር አይሆንም። ይህን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ቅናቷን አላበረደውም።

ሬይሊን ሻይ ቀድታ፣ ላሚንግተን ኬክ በሰሃን አቅርባ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር የጫማ ካርቶን ጎትታ አወጣች። «ቴጋን፣ የኔ ቆንጆ፣ ስምንት ቁጥር ነሽ አይደል? የጫማው ኩባንያ አምስት ላከላት። እኛ ምን እናደርገዋለን? ውሰጂ።» ስፓይኩ፣ ሶሉ ሹል ብረት ያለው የሩጫ ጫማ፣ ከነወረቀቱ ነበር። ሊያን ከገና በፊት ለልጇ የዚህኑ ዓይነት በሁለት መቶ ስልሳ ዶላር ገዝታለች፤ ለዚያ ብላ የራሷን ጥርስ ማሳከሙን ትታለች። «አላት» አለች።

«ትርፍ ቢኖራት ምን ይላል፣ ሊ?»

«አላት አልኩሽ እኮ።»

ሬይሊን ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ ስለ ሙቀቱ የሚወራው ሲያልቅ ደግሞ ሻይ ጠጡ። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተጋድመው እግራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይሳሳቃሉ። ኬኩን የነካው የለም።

ቦክስ ሂል ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የተጠበሰ ቋሊማ በዳቦ በሦስት ዶላር ተኩል ይሸጣል፤ ሰዉ ሣሩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፏል፤ ሕፃናት በአጥሩ ሥር ይሽሎከለካሉ። ቴጋን ስታሟሙቅ ሊያን በደረቷ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። የሌሎቹ ሁሉ የአባት ስማቸው ተጽፏል። የቴጋን ግን «አሯሯጭ» ይላል። ሊያን ዓይኗን ከዚያ ወረቀት ላይ ማንሳት አቃታት። ሃያ አራት ዓመት ያሳደገቻት ልጅ ስም እንደሌላት ሆና ታየቻት።

ብራይዲ ወደ መነሻው ከመሄዷ በፊት ሮጣ መጥታ አክስቷን አቀፈቻት። «አክስቴ፣ ሁለት መቶው ጋ ነሽ አይደል?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ድምፅሽን ካልሰማሁ ውድድር አይመስለኝም።»

እውነቷን ነው። ልጆቹ ገና በትንንሽ ቁምጣ ሲሮጡ ጀምሮ ሊያን ቦታዋ አንድ ነው፤ ከሰዉ ርቃ፣ ከወዲያኛው ቀጥታ መጨረሻ፣ የሁለት መቶ ሜትሩ መስመር አጠገብ። የመጨረሻው መስመር ላይ ትልቅ ሰዓት አለ፤ ዴስም እዚያ ይቆማል። በዚያኛው ወገን ግን ሯጭ የሚያየው ሰዓት የለም፤ ያለው የሊያን ጉሮሮ ብቻ ነው። ማይል የሚጀመረው ከመጨረሻው መስመር ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው፤ ይህን የማያውቅ ወላጅ ሁልጊዜ ስሌቱ ይዛባበታል። ሊያን አንድ ቀን ተዛብቶባት አያውቅም። ዛሬ የሚፈለጉትን ቁጥሮች በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጽፋቸዋለች፤ ሠላሳ አራት፣ አንድ ከሠላሳ ስምንት፣ ሁለት ከአርባ ሦስት። በአንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠለው የሩጫ ሰዓት ቁልፉ እስኪላጥ ያገለገለ ነው።

ተኩሱ ተሰማ። አሥራ ሁለት ሴቶች እንደ አንድ ሆነው መታጠፊያውን ዞሩ፤ ቴጋን ከሁሉም ቀድማ፣ ብራይዲ ከጀርባዋ። ሊያን ቁልፉን ተጭና «ሠላሳ አራት» አለች፤ ልክ ነበር። ቴጋን ጭንቅላቷን ትንሽ ነቀነቀች፤ ሰምቻለሁ ማለቷ ነው። አሯሯጧ ሲያዩት ያምር ነበር። ትከሻዋ ወርዷል፤ ተረከዟ መሬቱን ነክቶት ወዲያው ይነሳል። ሊያን ልጇ እንዲህ ስትሮጥ ካየች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ገና ነኝ ያለችው ማን ናት? ይህች ናት ገና? በድምፅ ማጉያው የሚያወራው ሰው ግን «ብራይዲ በጣም ተመችቷታል» አለ፤ ደገመው፤ ሕዝቡም ብራይዲ ብራይዲ ይል ጀመር። የቴጋንን ስም የጠራ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛውን ዙር ጀምረው እንደገና በቀጥታው ወደ ሊያን መጡ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እዋሻለሁ ብላ አላሰበችም። ያየችው ይህን ነው፤ ቴጋን ነፋሱን በደረቷ ትቀበላለች፤ ብራይዲ ከኋላዋ ተጠልላ፣ አፏን ዘግታ፣ ሰው በዝናብ ቀን ከጣሪያ ሥር እንደሚቆመው ተመችቷት ትሮጣለች። ሊያን ጣቷ ቁልፉን ሲጫን ተሰማት። ሰዓቱ ላይ አንድ ከሠላሳ ስምንት ከሦስት ይላል። እንደ ታዘዘው፣ ምንም ሳይጎድል።

«አንድ ከአርባ!» አለች። «አንድ ከአርባ! ሁለት ሰከንድ ዘግይታችኋል!»

ቴጋን ለአንድ እርምጃ ያህል ዓይኗን ወደ እናቷ መለሰች። ከዚያ ፈጠነች። ማይል ላይ እንዲህ አይፈጠንም፤ ሁለት ሰከንድ ጠፋ ቢባል እንኳ በትንሽ በትንሹ ነው የሚሰበሰበው። ግን ያ ድምፅ ተሳስቶ አያውቅም፤ የምትጎትታት ልጅ ዕድል ደግሞ በእጇ ነው ያለው። መታጠፊያውን እንደሚያመልጥ ሰው ወጣችበት፤ ብራይዲም ጀርባዬን ብቻ እዪ ተብላለችና ተከተለቻት። የሌሎቹ ጭፍራ ወደ ኋላ ተቆረጠ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲያልፉ የዴስ ጩኸት ከሜዳው ወዲያ ማዶ ድረስ ተሰማ፤ «ምን እያደረግሽ ነው? ቀስ፣ ቀስ!» ትልቁን ሰዓት ያየችው ቴጋን ወዲያው ረገብ አለች፤ ግን የወጣው ጉልበት ወጥቷል። ሦስተኛው ዙር ላይ ሊያን ፊት ሲደርሱ የብራይዲ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ቀርቦ ነበር፤ አፏም ተከፍቷል። ሊያን የመጨረሻውን ቁጥር ጠራች። እሱ ልክ ነበር። የሰማት መኖሩን እንጃ።

ሺህ ሁለት መቶው ሲደርስ ቴጋን አልደከማትም። ይህ ከሩቅም ይታይ ነበር። አሯሯጭ ከፈለገች እስከ መጨረሻው መሮጥ ትችላለች፤ የሚከለክል ሕግ የለም። ሊያን አጥሩን ጨብጣ «አትውጪ! ቴጋን፣ አትውጪ!» ብላ ጮኸች። ቴጋን በቀኝ በኩል ወጥታ ብራይዲን በእጇ ወደፊት ጠቆመቻት፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ቆመች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «በይ የኔ እህት፣ በይ፣ በይ» ትላለች። ብራይዲ የመጨረሻውን ዙር ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ሮጠች። አራት ከሃያ አንድ ከሦስት። አንደኛ ወጣች፤ ግን ሕዝቡ ያጨበጨበው ሐዘንተኛን እንደሚያጽናና ሰው ቀስ ብሎ ነበር።

ሊያን ሜዳውን ዞራ እስክትመጣ ድረስ ብራይዲ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ታለቅስ ነበር። ሬይሊን ጀርባዋን ታሻታለች። «ነፋስ ነው» አለች ሬይሊን ለሁሉም። «መታጠፊያው ጋ ያለው ነፋስ ነው።» ሊያን ቁጥሮቹ የተጻፉበትን መዳፏን ጨበጠች።

«ነፋስ አይደለም፣ አክስቴ» አለች ቴጋን። «እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ፍጥነቱን አበዛሁት። ይቅርታ፣ ብራይድ።»

ብራይዲ ፎጣውን ከፊቷ አነሳች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። «ዝም በይ። ይዤሽ መቆየት ያቃተኝ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች፣ «ብሪስበን ቃሌ ቃል ነው። እጎትትሻለሁ» አለች።

«አንቺ እብድ፣ ሚኒማው የለሽም እኮ።»

«ቃል ቃል ነው አልኩሽ።»

«እንግዲያው ዙር በዙር እንፈራረቃለን። ጉልበት የተረፋት ትሂድ» አለች ቴጋን፤ ብራይዲም በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ሊያን ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። ጠዋት የዋጠችው ያ ነገር፣ የተጎተተ ሰው አያስታውስም ያለችው፣ ጉሮሮዋ ላይ ተመልሶ መጣ። ቴጋን ተነስታ ወደ እሷ መጣችና እጇን ዘረጋች። «ሰዓቱን ስጪኝ።» ሊያን ገመዱን ከአንገቷ አወጣች፤ ከላብ የተነሳ ተጣብቆ ነበር። ያ አሮጌ ሰዓት እያንዳንዱን የቁልፍ ጫና ያስቀምጣል። አፏ ዋሸ እንጂ ጣቷ አልዋሸም። ቴጋን ቁጥሮቹን ወደ ኋላ እየመለሰች ሄዳ አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ እናቷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ፣ «እግሬ አንድ ከሠላሳ ስምንት ነው ይለኝ ነበር» አለች። «ከእግሬ ይልቅ አንቺን አመንኩ።»

«ቴጊ...»

ቴጋን ቁልፉን ረዘም አድርጋ ተጫነችው። ሰዓቱ ጢጥ አለ፤ ቁጥሩም ሁሉ ዜሮ ሆነ። ሊያን ልጇ ሸፈነችላት ብላ አሰበች። ቴጋን ግን ዞራ ወደ ሬይሊን ሄደችና ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቀችላት።

«አክስቴ፣ ብሪስበን ላይ ሁለት መቶው ጋ አንቺ ቁሚልን።»

«እኔ?» ሬይሊን ሳቀች። «እኔ የእናትሽን ጉሮሮ ከየት አመጣለሁ? ቁጥሩንስ የት አውቄው?»

«ቁጥሩን ዴስ ይጽፍልሻል። ጉሮሮም አያስፈልግም። ያየሽውን ማለት ብቻ ነው።»

የሬይሊን ሳቅ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሰዓት አየች፤ ዜሮዎቹን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እህቷን አየች። ጎንበስ ብላ ፎጣዎቹን ማጠፍ ጀመረች፤ አንዱን ሁለት ጊዜ አጠፈችው። ልጆቹ ተደጋግፈው ወደ መኪናው ሄዱ። ሊያን መዳፏን ከፈተች፤ በላብ የተዘበራረቀው የእስክሪብቶ ጽሑፍ መሃል ላይ አንድ ከሠላሳ ስምንት የሚለው አሁንም ይነበብ ነበር። ቀሚሷ ላይ ፈተገችው። አልለቀቀም።